ጥሎን ፋሲካ የገባው ሽሮ

የመጀመሪያውን ሁዳዴ በራሴ ጎጆ የያዝኩት በጃንሆይ ዘመን ነው፤ በንፋስ መውጫና በአርብ ገበያ መካከል ባለች ብርዳም መንደር። ትውልዴ እስቴ ሲሆን ለጋይንት ሰው ተድሬ ሁለት ዓመት ያህል በአማቴ ቤት ኖርኩ። ያገሩ ልማድ ነው፤ ሙሽራ ጎጆ እስክትወጣ ድረስ ከባሏ እናት ሥር ሆና ሙያ ትማራለች። መማሩን አልጠላሁትም። መማሩ ማለቂያ ማጣቱ ነበር የሰለቸኝ።

አማቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ይቀለኝ ነበር፤ ጎረቤት ሄጄ አምቻቸው ይወጣልኝ ነበር። ደግ፣ ጾመኛ፣ ለደሃ የሚቆርሱ ሴት ናቸው። ነገር ግን የሠራሁትን ወጥ ሁሉ ቀምሰው አንድ ጉድለት ያገኙበታል። ሲበዛም ጨው፣ ሲያንስም ጨው፤ ጨዉ ልክ ሲሆን ደግሞ «እሳት በዝቶበታል» ይላሉ። ጓዳቸው ውስጥ እያንዳንዱ ቅልና ገንቦ ቦታ አለው፤ በጨለማ ቢገቡ የፈለጉትን በእጃቸው ያነሳሉ። እኔ የተልባውን ቅል አንድ ክንድ ፈቀቅ ካደረግሁት፣ በማግሥቱ ወደ ቦታው ተመልሶ አገኘዋለሁ። አንድም ቃል አይናገሩኝም። ቢናገሩኝ እመልስላቸው ነበር።

በጥር ወር ባሌ ጎጆአችንን ሠርቶ ጨረሰ። የታሰበው ፋሲካን አማቴ ዘንድ ውለን ከዚያ በኋላ ልንወጣ ነበር። አንድ ቀን ግን የጎመን ወጤን ቀመሱና ድስቱን መልሰው ምድጃው ላይ ጣዱት። ደሜ ፈላ።

«እሜቴ፣ ሁዳዴን በራሴ ቤት ነው የምይዘው» አልኳቸው።

«ሁዳዴን? አምሳ አምስት ቀን እኮ ነው፣ ልጄ። የጾም ጓዳ በአንድ ወር አይሞላም።»

«እሞላዋለሁ።»

ማማሰያውን አስቀምጠው አዩኝ። «እንግዲያው ውጪ። ከማንም ሳትበደሪ ጾሙን ከነባልሽ ከዘለቅሽው ቤቱ ያንቺ ነው፤ ሁለተኛ እጄን ድስትሽ ውስጥ አልሰድም። ካቃተሽ ግን ትመለሻለሽ፤ እስከ መጪው መስቀል ከምድጃዬ ዳር አትርቂም» አሉኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቃሉ ከአፌ ወጥቷልና ጎጆዬን ልሞላ ተነሣሁ።

አማቴ በእህል አልጨከኑብኝም። ከመኸሩ ድርሻችንን አንድም ሳያጎድሉ ሰፈሩልን። ገብሱን በሦስት ከፈልኩት፤ አንዱ ለእንጀራ፣ አንዱ ለበሶ፣ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ለቆሎ። ይህ ገብስ ገለባው ቶሎ ስለሚለቅ ሰነፍ ሴት እንኳ ትፈትገዋለች ተብሎ ነው ስሙ የወጣለት። አማቴ ሲሰፍሩልኝ «ይሄ ላንቺ ይሆናል» አሉኝ። ዋጥ አድርጌ ተቀበልኩ። ባቄላ በአቁማዳ፣ ተልባና ሰናፍጭ በቅል በቅል፣ ድንች በጓዳው ጥግ ገለባ ውስጥ ቀበርኩ፤ ከጎጆው ጀርባ ጎመን ነበረኝ። በዚያን ጊዜ ጋይንት ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ምግብ የሚባል ነገር የለም። የምንበላው ሁሉ ከማሳ እስከ አፋችን በእጃችን ነው የሚያልፈው።

ከሁሉ በላይ ግን ሽሮ ነው። ሁዳዴን የሚያሻግረው ሽሮ ነው፤ ሽሮዋ ያማረ ሴት ሌላው ሁሉ ይቅር ይባልላታል። ስለዚህ ያለኝን አተር በሙሉ ቆላሁ፣ ከካሁ፣ አበጠርኩ። ከሲማዳ ቆላ የሚመጣውን በርበሬ አርብ ገበያ በገብስ ለወጥኩ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ አብሹን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በሶብላውን ከበርበሬው ጋር ደለዝኩና አደረቅሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ወፍጮ ላይ ተደፍቼ ፈጨሁ። መጁ መዳፌን ላጠው። ዱቄቱ ወርዶ ሳየው ግን እንዲህ ዓይነት ሽሮ አማቴም ቤት አይቼ አላውቅም፤ ቀለሙ ራሱ የሚበላ ነበር።

የቸገረኝ መያዣው ነው። አዲስ ገንቦ ተሟሽቶ ካልቆየ ዱቄቱን አፈር አፈር ያሰኘዋል። ባሌ ይህን ሰምቶ፣ ሳልልከው፣ አርብ ዕለት ከአርብ ገበያ አንድ ትልቅ አሮጌ ገንቦ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ስንጥቅ የሌለበት። ከአንዲት አሮጊት ነው የገዛው። «ምን ይያዝበት ነበር?» አልኩት። «ሴቲቱ ጥሩ ገንቦ ነው ብላለች» አለኝ። ወንድ ስለ ዕቃ ይህን ያህል ካወቀ ይበቃዋል ብዬ አፍንጫዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ፤ የወይራ ጭስ ብቻ ነበር የሸተተኝ። ደህና አድርጋ አጥናዋለች አልኩና ሽሮዬን እስከ አንገቱ ሞላሁበት። ክዳኑን በእበት መረግሁት። ብርዱ ዱቄቱን እንዳያረጥብብኝም ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ቢጤ ነው።

ቅበላውን በልተን ጠጥተን ሁዳዴ ገባ። የመጀመሪያው ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾሙን የምንፈታበትን ወጥ ልሠራ ገንቦዬን ከፈትኩ። ባሌ ደጅ ሆኖ እርፍ ይጠርብ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንገቱን በበር አስገባ።

«ምን ሸተተኝ? ዛሬ ዓመት በዓል ነው እንዴ?» አለ።

ቅቤ ነበር። ያውም በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ። ያቺ አሮጊት ስንት ዓመት ቅቤ ስታስቀምጥበት ኖራ መሰለኝ፣ ሸክላው እስኪበቃው ጠጥቶ፣ የወይራው ጭስ ሽታውን ሸፍኖት ነበር። እኔ ደግሞ ምድጃ ዳር አድርጌ ሳሞቀው የጠጣውን ሁሉ ወደ ሽሮዬ መለሰው። ዳር ዳሩ ያለው ዱቄት ወዝቶ ተጓጉሏል፤ መሃሉ ደረቅ ቢሆንም ሽታው እስከ ታች ዘልቆታል። የአምሳ አምስት ቀን ሽሮ በአንድ ጊዜ የፍስክ ሆነ።

አለቀስኩ። ከዚያ ባሌን ተቆጣሁ። ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። እሱ ነገሩ ሲገባው ወደ ገንቦው ጎንበስ ብሎ ሳበና፣ «እኔ ምንም አልሸተተኝም» አለ።

«አሁን ዓመት በዓል ነው እንዴ ያልከው ማን ነው?»

«እሱማ ከደጅ ሆኜ ነው» አለ፣ ምስኪን።

የዚያን ዕለት ደረቅ እንጀራ በጨው በላን። በማግሥቱ አንድ እፍኝ ሽሮ በጨርቅ ቋጥሬ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ጨርቁን ፈተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለመግለጥ ጊዜ ወሰደባቸው። ምራቃቸውን ሲውጡ አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።

«አባ፣ ቅቤ ነው?»

«ቅቤ ብቻ? ኮሰረትም አለበት እንጂ። ልጄ፣ ይሄ ሽሮ ጥሎን ፋሲካ ገብቷል» አሉኝና ጨርቁን መልሰው ቶሎ ቋጠሩት።

«ልድፋው እንዴ?»

«የእግዜር እህል አይደፋም። ክደኚውና ፋሲካን ይጠብቅሽ። ሳታውቂ ነው፤ በደል የለብሽም፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«እስከዚያስ ምን እንብላ፣ አባ?»

«ባቄላ የለሽም?»

«አለኝ።»

«ገብስስ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? ሂጂ። እሱ ሳይደግስ አይጣላም» አሉኝና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

አተሩ አልቋል፤ በርበሬውም አልቋል። ከጎረቤት አንድ ጭልፋ ሽሮ ብበደር በነጋታው አማቴ ጆሮ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ እስከ መስቀል ምድጃቸው ዳር መሆኔ ነው። ከአቁማዳ አቁማዳ፣ ከቅል ቅል እየዞርኩ ያለኝን አየሁ። ባቄላውን ከገብስ ጋር ቀቅዬ ንፍሮ አቀረብኩ። ድንቹን ቀቅዬ በሰናፍጭ አጠቀስኩት፤ ሰናፍጩ አፍንጫችንን ሰንጥቆ እንባችንን ሲያወርደው ባሌ «ይሄስ ንስሐም ነው» አለ። ተልባውን ቆልቼ ወቀጥኩ፣ በውሃ በጠበጥኩና የገብስ ቂጣ ፈተፈትኩበት። ያንን ስንበላ ሁለታችንም ጣታችንን ላስን። ሽሮ ቢኖረኝ ኖሮ ያ ቅል ተልባ እስከ ክረምት ሳይነካ ይቀመጥ ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ የባቄላውን አቁማዳ ስፈታ፣ የእናቴ ስልጆ ትዝ አለኝ። እስቴ ሳለሁ እናቴ ለጾም ከባቄላና ከሱፍ የምታዘጋጀው ኮምጠጥ ያለ ማባያ ነው፤ እኔ እየቀመስኩ እንጂ እየሠራሁ አላደግኩም። አማቴ ቤት በሁለት ዓመት ሁለቴ ተሠርቷል፤ ሁለቴም ለብቻቸው ነው የሠሩት። ባቄላው አለኝ፣ ሰናፍጩ አለኝ፤ የሌለኝ ሱፉ ነው። አርብ ጠዋት ባሌን ገብስ አሸክሜ ወደ ገበያ ላክሁት።

«የምትለውጥልህን ሴት ምን ይያዝበት ነበር ብለህ ጠይቃት» አልኩት።

ሱፉን ይዞ መጣ። ሰኞ ዕለት ቀቅዬ ልወቅጠው ስል ዘነዘናውን ከእጄ ወሰደው። «ገንቦውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። ወንድ ሙቀጫ ላይ ከታየ ያገር መሳቂያ ነው፤ ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ በራችንን ዘጋን። ባሌ ሲወቅጥ ጠላት ያገኘ ይመስል ነበር። ሱፉ እየፈነጠረ ግማሹ ሙቀጫው ውስጥ፣ ግማሹ ፀጉሩ ላይ ሆነ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ እስቃለሁ፤ እሱም እየሳቀ ይወቅጣል።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን እሳት ልትጭር ገል ይዛ በሩን መታች። ባሌ ዘነዘናውን ጥሎ መደቡ ላይ ዘሎ ወጣና ጋቢውን ተከናነበ። ከፈትኩላት።

«ምነው በቀን ተኛ?» አለች።

«ሆዱን አሞት ነው።»

ጠጋ ብላ አየችው። ከጋቢው የወጣው ፀጉሩ የሱፍ ፍርፋሪ በፍርፋሪ ሆኗል። «በሞትኩት! በአንድ ቀን ሽበት አወጣ እንዴ?» አለች። እሱ ከውስጥ አቃሰተ። እሳቷን ጭራ እስክትወጣ ድረስ ከንፈሬን ነክሼ ቆየሁና፣ በሩ ሲዘጋ ሁለታችንም መሬት ላይ ወደቅን። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። አማቴ ቤት እያለን ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻችን እንዲህ ስቀን እንደማናውቅ ያኔ ነው የገባኝ።

የተወቀጠውን ሱፍ በውሃ እያሸሁ አጠለልኩ፤ እንደ ወተት የነጣ ውሃ ወጣለት። እሱን ጥጄ የባቄላ ዱቄት እየነሰነስኩ ሳማስል ቆየሁና፣ ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ ጨመርኩበት፤ አሸትቼ፣ አገላብጬ አሸትቼ ባረጋገጥኩት ቅል ውስጥም ከደንኩት። የእናቴን እጅ በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ ነው የሠራሁት። አራት ቀን አልነካሁትም። በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከፈትኩና በጣቴ ቀመስኩ። ኮምጥጧል፤ ሰናፍጩ ከኋላ ይመጣል። ባሌን ጠርቼ አቀመስኩት። «ሌላ ገንቦ ላምጣልሽ?» አለኝ።

ወሬ ግን ከስልጆ ይፈጥናል። ባሌ ታመመ የተባለው መንደሩን ዞሮ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እሑድ በምኩራብ ዕለት አማቴ የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሲደርስ ደግሞ «ሚስቱ ጥሬ ባቄላ እያበላች አልጋ ላይ ጣለችው» ሆኗል። አማቴ ከቅዳሴ እንደወጡ ቤታቸው ሳይገቡ መጡ። ልጃቸው ደጅ እንጨት ሲፈልጥ አገኙት።

«ታመህ የለም እንዴ?» ሲሉት ሰማሁ።

«አዎ… ታምሜ ነበር።»

«የቱ ጋ?»

«እዚህ ጋ» አለና፣ አስቦ፣ «እዚያም ጋ» ብሎ ጨመረ።

አማቴ አልፈውት ገቡ። ጉልበታቸውን ስሜ አስቀመጥኳቸው። ጎጆዬን ሊወስዱብኝ የመጡ ያህል ነው የተሰማኝ። ሌላ ምርጫ የለኝምና ያለኝን አቀረብኩ፤ እንጀራ፣ መሃሉ ላይ ስልጆ፣ ዳር ዳሩን ጎመንና ድንች፣ ጎን ለጎን የተልባ ፍትፍት። ባርከው ቆረሱ። ስልጆውን አጠቀሱና አላመጡት። ጨው ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እንደገና አጠቀሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያጠቅሱ ባሌ በበሩ ጥግ ቆሞ ወደ እኔ አየ።

በልተው እጃቸውን ታጠቡና፣ «ሽሮሽን ግን አላቀረብሽም» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። ለሆሳዕና እንግዶች አስቀምጬው ነው እላቸዋለሁ ብዬ ስንት ቀን ሳጠናው ነው የከረምኩት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሽሮ የለኝም፣ እሜቴ። የቅቤ ገንቦ ውስጥ ጨመርኩት።»

ተነሥተው ጓዳ ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው። ገንቦውን ከፍተው አሸተቱ። የአፉን ጠርዝ በጥፍራቸው ጫር አደረጉና እሱንም አሸተቱ። «ደህና ቅቤ ነው። ገንቦውን ማን አመጣው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ሳላጣራ የሞላሁት» አልኩ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ ባሌ ከበሩ።

አማቴ ወደ ጓዳው ዕቃ ዞሩ። ተራ በተራ የባቄላውን አቁማዳ ዳሰሱ፣ የተልባውን ቅል ነቀነቁ፣ ድንቹን ከገለባው ውስጥ አውጥተው አዩና መልሰው ቀበሩ። ሁሉንም ካነሱበት ቦታ መለሱት። «ከማን ተበደርሽ?» አሉኝ።

«ከማንም።»

ጥግ ላይ ካለው እበት ቆንጥረው የሽሮውን ገንቦ ክዳን በገዛ እጃቸው እንደገና መረጉት። «ለፋሲካ ጥሪኝ። ዶሮ እኔ አመጣለሁ» አሉ።

 ከደስታ ብዛት አንገታቸው ላይ ልጠመጠም ምንም አልቀረኝም፤ አፍሬ የነጠላዬን ጫፍ ያዝኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«ከዚያ ስልጆ ትንሽ ቀንሺልኝ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ። «የእኔ ዘንድሮ አልሆነልኝም። ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለት ጊዜ ደፋሁት።»

እኒያ ሴት አንድ ነገር አልሆነልኝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ባዶ ቅል አውርጄ ሞላሁላቸው፤ «በቃ፣ በቃ፣ ለእናንተም ይትረፋችሁ» እስኪሉኝ ድረስ። ባሌ ሊሸከምላቸው ቢጠጋ እምቢ አሉትና ራሳቸው ያዙት።

«አንቺ ነይ፤ እስከ ወንዙ ሸኚኝና አሠራሩን ንገሪኝ» አሉኝ።

ቁልቁለቱን አብረን ወረድን። ሱፉ ምን ያህል ውሃ እንደሚወድ፣ ዱቄቱ በስንት እንደሚነሰነስ፣ ሰናፍጩ ከበረደ በኋላ እንጂ በትኩሱ እንደማይገባ እየነገርኳቸው፣ እሳቸውም አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኝ ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ የሰናፍጩን ረስተውት እንደገና ጠየቁኝ፤ እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።